ግርድና ምርት፦ የከሰል ማዕድን ጥራጊ ከገዳይ ክምርነት ወደ መንገድ መሠረትነት ያደረገው ጉዞ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ። ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ንግግሬን ከአውድማ ልጀምር። ገበሬው የተወቃውን እህል በመንሽ ወደ ነፋስ ሲያነሣው ምርቱ ከእግሩ ሥር ይወርዳል፣ ገለባው ይርቃል፣ ግርዱ ከዳር ይቀራል። ‹‹ምርቱን ከግርዱ መለየት›› የሚለው አነጋገር ከዚያ ወጥቶ ስለ ሰውም ስለ ሐሳብም የምንናገርበት ሆኗል። ይሁን እንጂ ገበሬውን በቅርብ ላስተዋለ ሰው ከአውድማው በከንቱ የሚጣል ነገር ጥቂት ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ይሆናል፤ ከጭቃ ጋር ተረግጦ ሲቦካ ደግሞ የቤት ግድግዳ ይሆናል። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አያይዞ የሚይዘው ይኸው ጭድ ነው። አያቶቻችን ተረፈ ምርትን ለግንባታ ማዋልን ከእኛ አልተማሩም። ጭቃው ስንት ቀን መቡካት እንዳለበት፣ ምን ያህል ጭድ ለምን ያህል ጭቃ እንደሚበቃ፣ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታው ክፈፉ ምን ያህል መውጣት እንዳለበት ያውቁ ነበር። ጭዱን የግንባታ ዕቃ ያደረገው ይህ ዕውቀት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ወደሚገኝ አንድ የከሰል ማውጫ ሄጄ ነበር። ማጠቢያው በደንብ ይሠራል፤ የታጠበው ከሰል በንጹሕ ሜዳ ላይ ተቆልሎ መኪና ይጠብቃል። ከማጠቢያው ጀርባ ግን ሌላ ክምር አየሁ። ግራጫና ጥቁር ድንጋይ ከገልባጭ መኪና እየተዘረገፈ ከአንዲት ትንሽ ጅረት አፋፍ ላይ ይቆለላል። ክምሩን የለካው፣ የጠቀጠቀው ወይም በካርታ ያሰፈረው ሰው አልነበረም። ፎርማኑን ስለ ክምሩ ብጠይቀው በትሕትና ፈገግ ብሎ፣ ‹‹ጋሼ፣ ይኼማ ግርዱ ነው፤ ጠያቂ የለውም›› አለኝ።

‹‹ጠያቂ የለውም›› የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የዛሬው ንግግሬ መነሻም እርሱ ነው። የማቀርበው ክርክር አጭር ነው፤ ጥራጊነት የድንጋዩ ባሕርይ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሰው ማጣቱ ነው። ባለፈው ምዕተ ዓመት ይኸው አንድ ዓይነት ድንጋይ በአንድ ስፍራ ሕፃናትን ቀብሯል፤ በሌላ ስፍራ አውራ ጎዳና ተሸክሟል። ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ታሪኩን ተከትለን እንመርምር።

ድንጋዩ ምንድን ነው?

ከሰል ከምድር ውስጥ ብቻውን አይወጣም። ከላዩና ከታቹ፣ አንዳንዴም በመካከሉ፣ የጭቃ ድንጋይ፣ ሼልና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛሉ። ወደ ከሰሉ ለመድረስ መተላለፊያ ሲቆፈር ይህ ድንጋይ ይወጣል፤ ከሰሉ በማጠቢያ ሲለይም ይቀራል። ከእጥበቱ የሚቀረው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ሻካራው ድንጋይ፣ ሁለተኛው ከውኃ ጋር የሚወርደው ደቃቅ ዝቃጭ። ቀድሞ ማዕድን ቆፋሪው ከሰሉን በዶማ እየመረጠ ሲያወጣ ድንጋዩ ያነሰ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መካከል ማሽን ሲገባ ግን ማሽኑ አይመርጥምና ከሰሉንም ድንጋዩንም አንድ ላይ ፈጭቶ አወጣ። በብሪታንያ ጥልቅ ማዕድናት ለሁለት ቶን ተሸጭ ከሰል አንድ ቶን ያህል ጥራጊ መውጣቱ የተለመደ ሆነ። ስለዚህ የምርት ዕድገት በራሱ የክምር ዕድገት ነበር።

በዚህ ድንጋይ ውስጥ ለመሐንዲስ ሦስት አስቸጋሪ ነገሮች አሉ። አንደኛው የቀረው ከሰል ነው፤ አየር በክምሩ ውስጥ እንደ ልብ ሲዘዋወር ከሰሉና ፓይራይት የተባለው የብረትና የድኝ ማዕድን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ይሞቃሉ፣ ክምሩም ከውስጥ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ሁለተኛው ድኙ ነው፤ ወደ ሰልፌት ሲለወጥ ኮንክሪትን ያጠቃል፣ የሚፈሰውንም ውኃ አሲዳማ ያደርጋል። ሦስተኛው የጭቃ ድንጋዩ ነው፤ ውኃና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይፈረፈራል። ሦስቱም የታወቁና የሚለኩ ናቸው፤ ክምሩ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም አልለካቸውም።

አበርቫን

ዓርብ ጥቅምት 21 ቀን 1966፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በደቡብ ዌልስ በምትገኘው አበርቫን መንደር የፓንትግላስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍላቸው ገብተው ነበር። ከአጭር ዕረፍት በፊት የመጨረሻው የትምህርት ቀን ነበር። ከመንደሯ በላይ ባለው ተራራ ላይ ሰባት የከሰል ጥራጊ ክምሮች ነበሩ። ሰባተኛው 34 ሜትር ያህል ከፍታና 227,000 ሜትር ኩብ ያህል ይዘት ነበረው። ያን ዕለት ጠዋት ይህ ክምር ተንዶ እንደ ፈሳሽ ወደ ታች ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

ለምን ወደቀ? በ1958 ሰባተኛው ክምር ሲጀመር የተመረጠለት ቦታ ምንጭ የሚፈልቅበት ነበር፤ ምንጮቹም በመንግሥት የመሬት ካርታ ላይ ከቀድሞ ጀምሮ ተመልክተዋል። ድንጋዩ ከላይ እየተዘረገፈ በልቅ ተቆለለ፤ ደቃቅ ዝቃጭም ተጨመረበት። ውኃው ከሥር ሲገባ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ግፊት ጨመረ፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ኃይል ቀነሰ። ልቅ ክምር በውኃ ተሞልቶ ሲንቀሳቀስ ጥንካሬውን በቅጽበት ያጣል፤ ጠጣር የነበረው ነገር ፈሳሽ ሆኖ ይሮጣል። ለዚህ ክስተት ‹‹የፍሰት ናዳ›› የሚለው ስም የሚስማማው ይመስለኛል።

ማስጠንቀቂያም አልጠፋም። በ1939 ከአበርቫን ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በሲልፊኒድ፣ አንድ ክምር ተንዶ አውራ መንገድ ዘግቶ ነበር። በ1944 በአበርቫን አራተኛው ክምር፣ በ1963 ሰባተኛው ራሱ ተንሸራትተዋል። በዚያው በ1963 የአካባቢው ምክር ቤት መሐንዲስ ከፓንትግላስ ትምህርት ቤቶች ጀርባ ስለሚደፋው ዝቃጭ አደጋ ደብዳቤ ጽፏል። በዳኛ ኤድመንድ ዴቪስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ 76 ቀን ተሰይሞ በነሐሴ 1967 ባወጣው ሪፖርት የአገሪቱን ብሔራዊ የከሰል ቦርድ ተጠያቂ አደረገ። ታሪኩ የክፉ ሰዎች ሳይሆን የአለማወቅ፣ የአለመቻልና የመልእክት መቋረጥ ታሪክ መሆኑንም አሰፈረ። ማንም ግን ለፍርድ አልቀረበም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሚከብድ ነው። መንደርተኞቹ የቀሩት ክምሮች ከራሳቸው ላይ እንዲነሡላቸው ጠየቁ። የማንሻው ወጪ ሲታሰብ ዓለም ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ‹‹ጠያቂ የሌለው›› ክምር ዋጋ በመጨረሻ የተከፈለው ልጆቻቸውን በቀበሩ ወላጆች ገንዘብ ነበር።

ዕውቀቱ ነበር፤ ማን ጠራው?

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ፣ ‹‹ያኔ የአፈር ሜካኒክስ ገና ስላልዳበረ ይሆናል›› ይሉኛል። መልሱ ግን ይህ አይደለም። ካርል ቴርዛጊ የአፈር ሜካኒክስን መሠረት የጣለበትን መጽሐፍ ያሳተመው በ1925 ነው። ሰባተኛው ክምር ሲጀመር መጽሐፉ 33 ዓመት ሆኖታል። ራልፍ ፕሮክተር ዛሬ በየላቦራቶሪው የምንሠራውን የጥቅጠቃ ሙከራ ያስተዋወቀው በ1933 ነው። ለአጣሪ ጉባኤው የቴክኒክ ምርመራ ካደረጉት ባለሙያዎች አንዱ የኢምፔሪያል ኮሌጁ አላን ቢሾፕ ሲሆኑ፣ ከአደጋው በፊት ብዙ ዓመታት የአፈር ግድቦችን መረጋጋት አጥንተዋል። በአንድ አገርና በአንድ ዘመን፣ የአፈር ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ በውስጡ ያለውን የውኃ ግፊት ይለካ ነበር፤ ከማንኛውም መጠነኛ ግድብ የሚበልጥ ክምር የሚቆልል ማዕድን ግን አንድም ነገር አይለካም ነበር።

ምክንያቱ የዕውቀት እጥረት ሳይሆን የአመዳደብ ነው። ግድብ ‹‹ግንባታ›› ይባላል፤ ንድፍ፣ ኃላፊ፣ ፊርማ አለው። ክምር ‹‹ጥራጊ›› ይባላል፤ ቦታ ከተገኘለት ሌላ ነገር አይጠየቅለትም። የሜካኒክስ ሕግ ግን ይህን አይለይም፤ ቁልቁለት ላይ የቆመ ልቅ ቁስ ምን ብለን እንደጠራነው አያውቅም። የብሪታንያ ፓርላማ በ1969 የማዕድንና የካባ ክምሮችን ሕግ ሲያወጣ ያደረገው ዋና ነገር ክምሩን እንደ ምህንድስና ሥራ እንዲታይ ማስገደዱ ነው። የክምሩ ኃላፊ መታወቅ፣ ክምሩም በየጊዜው መመርመር ነበረበት።

ለዚህ ክርክር ሁለተኛ ምስክር ከአሜሪካ አለኝ። የካቲት 26 ቀን 1972 በዌስት ቨርጂኒያ፣ በበፋሎ ክሪክ ሸለቆ አናት፣ የከሰል እጣቢ ውኃ ያቆረ ግድብ ፈረሰ። ግድቡ የተሠራው ከራሱ ከከሰል ጥራጊ ነበር፤ ያረፈውም በቀድሞ ዝቃጭ ላይ ነበር። በቅጡ የተሠራ የትርፍ ውኃ ማፍሰሻ አልነበረውም። 500,000 ሜትር ኩብ ያህል ውኃና ዝቃጭ ሸለቆውን ጠረገው፤ 125 ሰዎች ሞቱ፣ ከ4,000 በላይ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ከአራት ቀን በፊት የፌዴራል ተቆጣጣሪ ጎብኝቶት አጥጋቢ ብሎት ነበር። ባለቤቱ ኩባንያ አደጋውን የእግዚአብሔር ሥራ ብሎ ገለጸው።

የበፋሎ ክሪክ ታሪክ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በዚያ ሸለቆ የከሰል ጥራጊ ‹‹ጥቅም ላይ ውሏል››። ተረፈ ምርትን ለግንባታ ማዋል በራሱ መልካም ነገር ቢሆን ኖሮ በፋሎ ክሪክ ምሳሌ በሆነ ነበር። የጎደለው ድንጋዩ ሳይሆን ምህንድስናው ነው።

ከፍርሃት ወደ መስፈርት

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። ድንጋዩን ለግንባታ ማዋል ከአበርቫን በኋላ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በፖላንድ ላይኛው ሳይሌዢያ በ1959 ሃልዴክስ የተባለ የፖላንድና የሀንጋሪ የጋራ ድርጅት ተቋቁሞ ከአሮጌ ክምሮች የቀረውን ከሰል ያወጣ፣ ከሚቀረው ድንጋይም ለግንባታ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ያዘጋጅ ነበር። በብሪታንያና በሰሜን ፈረንሳይም የተቃጠለው ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ ይፈለግ ነበር። ክምሩ ከውስጥ ነድዶ ሲበርድ ጥቁሩ ሼል እንደ ጡብ ቀይና ጠንካራ ይሆናል፤ ለመንገድ ንጣፍ፣ ለጓሮ መተላለፊያ፣ ለቴኒስ ሜዳ ይወሰድ ነበር። የዌልስና የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ‹‹ሬድ አሽ›› ይሉታል። በእኛ አገር የግንባታ ቦታዎች ሬድ አሽ የምንለው ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ቀይ ድንጋይ ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ትውልዱ ሌላ መሆኑን ተማሪዎች ልብ በሉ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ያልተቃጠለው ጥቁር ድንጋይ ግን እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ድረስ ከብሪታንያ የመንገድ ሥራ መስፈርት ውጭ ነበር። ፍርሃቱ ግልጽ ነው፤ ክምሩ ሲቃጠል ያየ ሰው ከመንገድ ሥር እንዲቀመጥ አይፈቅድም። ፍርሃቱን የሰበረው ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ ነው። ክምሩ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ልቅ ስለሆነና አየር እንደ ጭስ ማውጫ ስለሚያልፍበት። እንግዲያስ በቀጭን ድርብርብ ተዘርግቶ፣ የእርጥበት መጠኑ ተስተካክሎ፣ በሮለር ከተጠቀጠቀስ? አየሩ መንገድ ያጣል፤ እሳቱም አይነሣም። ውኃም በቀላሉ አይገባውም። አበርቫንን የገደለው ልቅነት ነው፤ ክምሩን የሚያቃጥለውም ልቅነት ነው። መድኃኒታቸውም አንድ ነው።

በ1960ዎቹ ማብቂያ ያልተቃጠለው ድንጋይም ለመንገድ ሙሌት እንዲውል ተፈቀደ። የዘመኑ አጋጣሚም ረዳው። የአውራ ጎዳና ግንባታ ከፍተኛ ሙሌት ይፈልግ ነበር፤ ከአበርቫን በኋላም ክምሮችን ማንሣት የፖለቲካ ግዴታ ሆኖ ነበር። በ1970ዎቹ የብሪታንያ ብሔራዊ የከሰል ቦርድ ድንጋዩን ለግንባታ የሚያቀርብ ራሱን የቻለ ክፍል አቋቋመ፤ ለድንጋዩም ‹‹ማይንስቶን›› የሚል ስም ሰጠው፤ ፍቺው በቀጥታ የማዕድን ድንጋይ ማለት ነው። ኔዘርላንዳውያንም በራሳቸው ቋንቋ ተመሳሳይ ስም ሰጥተውት በግድብና በወንዝ ዳር ሥራዎቻቸው ተጠቅመውበታል። በ1984 በደራም ስለ ከሰል ማዕድን ጥራጊ አጠቃቀም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ በ1987 በኖቲንግሃም፣ በ1990 በግላስጎው ተከታዮቹ ተደረጉ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ስም መለወጡን የገበያ ዘዴ አድርገው ይመለከቱታል። በከፊል ትክክል ናቸው፤ ሻጩ ዕቃውን አሳምሮ መጥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። ለእኔ ግን ስሙ ከዚያ በላይ ሠርቷል። ስም ያለው ነገር የመስፈርት ሠንጠረዥ ሊኖረው ይችላል፤ ሠንጠረዥ ያለው ነገር ይፈተናል፤ የሚፈተን ነገር ሲወድቅ ተጠያቂ ይኖረዋል። የሠንጠረዡ ረድፎች ለእናንተ አዲስ አይደሉም፤ የቅንጣት መጠን ስርጭት፣ ከፍተኛው ደረቅ ጥግግት፣ ተገቢው የእርጥበት መጠን፣ የሰልፌት መጠን፣ የቀረው ከሰል። እነዚህ ረድፎች ከመሞላታቸው በፊት ድንጋዩ ግርድ ነበር፤ ከተሞሉ በኋላ ግን ሰሌክት ማቴሪያል ሆነ።

ያልተጠየቀው ቀይ ድንጋይ

አሁን ወደ ሬድ አሽ ልመለስ። የተቃጠለው ቀይ ድንጋይ ያመረና የተፈለገ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የቤት ግንባታ ሲጣደፍ በሰሜን እንግሊዝ ብዙ ቤቶች ከኮንክሪት ወለላቸው ሥር ይህ ድንጋይ ተሞላላቸው። እሳቱ ከሰሉን አጥፍቶታል፤ ሰልፌቱን ግን አላጠፋም። ከዓመታት በኋላ እርጥበት ከሥር ሲነሣ ሰልፌቱ ወደ ኮንክሪቱ ገባ፤ ከሲሚንቶው ጋር ተዋሕዶ አዲስ ማዕድን ፈጠረ፣ ኮንክሪቱንም አሳበጠው። ወለሉ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ተነሣ፣ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታም የውጭውን ግድግዳ ወደ ውጭ ገፋው። ከወለሉ ሥር እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ አለመነጠፉ ጉዳቱን አባብሶታል።

ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አለው። አንደኛ፣ የምንፈራውን ጥቁር ድንጋይ መርምረን የምንወደውን ቀይ ድንጋይ ሳንመረምር ከተውን ቤቱን የሚያፈርሰው የወደድነው ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቁስ ‹‹ጥሩ›› ወይም ‹‹መጥፎ›› አይደለም፤ ለአንድ ሥራ ይሆናል፣ ለሌላው አይሆንም። ከኮንክሪት የራቀ የመንገድ ሙሌት ሰልፌትን ይታገሣል፤ ከድልድይ ምሰሶ ጎን ያለ ሙሌት አይታገሥም። መስፈርት የሚጻፈው ለቁሱ ብቻ አይደለም፤ ለቁሱና ለቦታው በአንድነት ነው።

ሒሳቡና ሕጉ

የድንጋዩ ትልቅ ጠላት ርቀት ነው። ክምሩ አጠገብ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ግን በየኪሎ ሜትሩ ይወደዳል። በመንገዱ አቅራቢያ የካባ ድንጋይ ካለ ሥራ ተቋራጩ ወደዚያ ይሄዳል፤ ልንወቅሰውም አይገባም። ስለዚህ ሕግ ጣልቃ የገባባቸው አገሮች አሉ። ብሪታንያ በሚያዝያ 2002 ከምድር በሚወጣ አዲስ አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ላይ በቶን 1.60 ፓውንድ ግብር ስትጥል የከሰል ማዕድን ጥራጊን ነጻ አድርጋለች። ገበያው ብቻውን የማያየውን ወጪ ሕጉ በዋጋው ውስጥ አስገባው ማለት ነው።

የሚነሣው ሁሉ መነሣት አለበት ማለቴም አይደለም። በሰሜን ፈረንሳይ የመጨረሻው ማዕድን በታኅሣሥ 1990 በኦኚ ሲዘጋ ብዙ ክምሮች ወደ መንገድ ሙሌትነት ተለውጠው ጠፍተው ነበር። የቀሩትን ግን ሕዝቡ የአባቶቹ የድካም ሐውልት አድርጎ ጠበቃቸው፤ በ2012 የማዕድኑ ክልል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በሎስ-አን-ጎኤል መንትያ ክምሮች ላይ ዛሬ ሰዎች ለሽርሽር ይወጣሉ። ክምር ጠያቂ ሲያገኝ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስም ሊሆን ይችላል። ጠያቂ ያላገኘው ግን ይጠብቃል። በየካቲት 2020 ዌልስ ውስጥ በታይለርስታውን ከከባድ ዝናብ በኋላ 60,000 ቶን ያህል የአሮጌ ክምር ቁስ ተንሸራትቶ ወደ ወንዙ ወርዷል። ሰው አልሞተም። ዌልስ ግን ከ2,500 የሚበልጡ የተተዉ ክምሮች እንዳሏት ቈጥራ ያወቀችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከአበርቫን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይታ።

እኛስ?

ይህን ሁሉ የምናገረው ለእኛ ጊዜው ገና ስለሆነ ነው። በያዩ፣ በድልቢና ሞዬ፣ በጭልጋ፣ በውጫሌ፣ በሙሽ ሸለቆ ከሰል እንዳለን ጂኦሎጂስቶቻችን ከቀድሞ ጀምሮ ያውቃሉ። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመታት ከውጭ በሚመጣ ከሰል ሲነዱ ቆይተው አሁን ፊታቸውን ወደ አገር ውስጥ ከሰል እያዞሩ ነው። የእኛ ከሰል አመድ ስለሚበዛበት መታጠብ አለበት፤ መታጠብ ማለት ደግሞ ግርድ ማውጣት ማለት ነው። የደቡብ ምዕራብ የከሰል አካባቢዎች በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ፤ መሬቱም ቁልቁለት ነው። የያዩ የቡና ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው።

አንድ ሒሳብ ለምሳሌ ያህል አብረን እንሥራ። በሰዓት 100 ቶን የሚያጥብ አንድ ማጠቢያ ከሚገባው 30 በመቶው ግርድ ቢሆንበት፣ በቀን 16 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ በዓመት 144,000 ቶን ይጥላል። አንድ ሜትር ኩብ 1.8 ቶን ቢመዝን 80,000 ሜትር ኩብ ነው። የአበርቫን ሰባተኛ ክምር 227,000 ሜትር ኩብ ያህል እንደነበር አስታውሱ፤ ይህ አንድ ማጠቢያ በሦስት ዓመት ያልፈዋል። በሌላ በኩል ያው 80,000 ሜትር ኩብ፣ ከላይ 10 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ከፍታና አንድ ለሁለት ተዳፋት ያለው የመንገድ ሙሌት ቢሆን፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይሸከማል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ፍጻሜው ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል።

የክምር ናዳ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ቆሼ የከሰል ጥራጊ አልነበረም፤ የድንጋይና የከተማ ቆሻሻ ባሕርይ ይለያያል። ግን ከሥሩ ሰዎች እየኖሩ፣ ከላዩ እየተቆለለ፣ እንደ ግንባታ የሚያየው ሳይኖር መቆየቱ ከአበርቫን ጋር ያመሳስለዋል። ሁለቱም ከመውደቃቸው በፊት ‹‹ጥራጊ›› ይባሉ ነበር።

ስለዚህ ለማዕድን ባለቤቶች፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ከሁሉ በላይ ለእናንተ ለተማሪዎች አራት ጥያቄዎችን እተዋለሁ። ማንኛውም የከሰል ክምር ሲጀመር፣ የመጀመሪያው መኪና ከመገልበጡ በፊት፣ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ከክምሩ ሥር ውኃው የት ይሄዳል? በድንጋዩ ውስጥ ምን ያህል ድኝና ከሰል አለ? ድንጋዩ በልቅ ይቆለላል ወይስ በድርብርብ ተዘርግቶ ይጠቀጠቃል? የት መንገድ፣ የት ሙሌት ይጠብቀዋል፣ ካልተፈለገስ ለመጨረሻው ዕረፍቱ ማን ይከፍላል? ሦስቱን በአንድ የትምህርት ዘመን የመመረቂያ ሥራ ልትመልሱ ትችላላችሁ፤ ላቦራቶሪው አለ፤ ሙከራዎቹም ከባድ አይደሉም። አራተኛው የሕግና የሕሊና ነው።

ከዚያ የደቡብ ምዕራብ ጉዞ ስመለስ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ድንጋይ ይዤ ነበር። ከተማሪዎቼ ጋር ፈትነነው ነበር። የአንድ ከረጢት ውጤት ስለ ክምሩ ምስክር አይሆንምና ቁጥሩን ዛሬ አላቀርብም። ከረጢቱ ግን በላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ አለ። ስያሜ ወረቀቱ ላይ ‹‹ግርድ›› ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንዲት ተማሪዬ ሰርዛ ናሙና ቁጥር፣ የተወሰደበትን ቀንና ቦታ ጻፈችበት። ከንግግሬ ይልቅ የእርሷ ወረቀት ነገሩን በሚገባ ያስረዳል። ክምሩ ዛሬም በጅረቱ አፋፍ ላይ አለ፤ ክረምትም በየዓመቱ ይመጣል። ፎርማኑ ‹‹ጠያቂ የለውም›› ያለኝን ቃል ከእናንተ መካከል ማንም ዳግመኛ እንዳይሰማው ምኞቴ ነው።